ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጥድፊያ አትታይም

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገር ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ ነው። ጀልባው ያደርሳል፣ አስጎብኚው ያስገባል፣ ሥዕሉ በጣት እየተጠቆመ ይነገራል፣ ዘውዱ ይታያል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ገዳም። በዚህ አካሄድ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የሚቆይ ሰው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቦታው ደግሞ ለጥድፊያ የተሠራ አይደለም። ጫካው፣ ቅጥሩ፣ ክቡ ሕንፃ፣ የሥዕሉ አደራደር ሁሉ ሰውን ቀስ በቀስ እያበረደ ወደ ውስጥ የሚስብ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ገዳሙ ራሱ፣ ሌላው ወደ ገዳሙ የሚያደርሰው አገልግሎት። ገዳሙ በጎጃም ምድር ተቀምጦ ማሰብ ለሚሻ ሰው ከሚመረጡት ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። አገልግሎቱ ግን ብዙ ይቀረዋል፤ ደግነቱ አብዛኛውን ጉድለት ጎብኚው ራሱ አስቀድሞ ሊያስተካክለው ይችላል።

ከጀልባው እንጀምር። ከባሕር ዳር እስከ ዑራ መውረጃ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ነፋሱ ያጥራል ወይም ይረዝማል። ዋጋው የሚቆረጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ብቻውን የሄደና አምስት ሆኖ የሄደ በጠቅላላ ሒሳቡ ብዙ አይለያዩም። ከመሳፈር በፊት በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው ስንት ቦታ እንደሚቆም፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው። ከእነዚህ ሁልጊዜ የሚረሳው የጥበቃው ሰዓት ነው፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው ከእሱ ነው። «ዘጌ ደርሶ መልስ» ብቻ ተብሎ የተቆረጠ ዋጋ በነጂው ሒሳብ የአንድ ሰዓት ጥበቃ ነው። ጎብኚው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ገና ጨለማውን ሳይለምድ አስጎብኚው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ነጂውም አይፈረድበትም፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጭነት ይኖረዋል። ስለዚህ «ዑራ ብቻ፣ ሦስት ሰዓት ጥበቃ» ብላችሁ ቁረጡ። ለጥበቃው የምትጨምሩት ገንዘብ በጉዞው ሁሉ ከምታወጡት የተሻለ ፍሬ የሚሰጥ ነው። አራት ገዳም በአንድ ጠዋት ከሚያሳያችሁ ይልቅ አንዱን አጥግቦ የሚያሳያችሁን ምረጡ።

የመነሻ ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይሁን፤ ቢዘገይ 1 ሰዓት ተኩል። ምክንያቱ የውሃው ጠባይ ነው። ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ረጅም ማዕበል አያነሳም፤ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ እያከታተለ ያላጋል። ትንሽ ጀልባን የሚያንገጫግጨው፣ ሰውን የሚያጥወለውለውም ይኸው ነው። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ይጠብቃል። ፀሐይ ከፍ ብላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ይነሳል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው በደረቅ ልብስ የመድረስ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በ1 ሰዓት የተነሳ 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ እስከ 5 ሰዓት ይቆያል፤ ነፋሱ ሳይበረታ ባሕር ዳር ይገባል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ወደቡ ላይ ሳላችሁ ቁጠሩ፤ መቆለፊያውንም አስራችሁ ሞክሩት። ከወንበር ሥር ታጭቆ የኖረ ጃኬት ማሰሪያው ተበጥሶ ሲገኝ አዲስ ነገር አይደለም፤ የልጆች መጠን ደግሞ ካልተጠየቀ ሳይጫን ይቀራል።

ለሕዝብ የሚሠራው ጀልባ በጣም ይረክሳል፤ ሆኖም መመለሻው በራሱ ሰዓት እንጂ በእናንተ ፍላጎት አይደለም። ሌላው አማራጭ በመኪና በጥርጊያው መንገድ አፋፍ እስከምትባለው መንደር ሄዶ፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወደ ዑራ መዝለቅ ነው። ጉልበትና ጊዜ ላለው ሰው ከጀልባው ይልቅ ይህን እንመርጥለታለን፤ ሰው ወደ ገዳሙ የሚደርሰው ሐሳቡን ሰብስቦ ነውና። በየትኛውም መንገድ ለመሄድ ብታስቡ የመንገዱንና የውሃውን ሰላም በዋዜማው፣ ደግሞም በዚያው ዕለት ጠዋት ከአገሬው ሰው ጠይቁ። በዚህ ዘመን የሳምንት ወሬ አይበቃም።

ዘጌ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ይመስላል፤ ዙሪያው ታርሶ ገላጣ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ደን የለበሰው በአጋጣሚ አይደለም። በዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ይህ ሥርዓት የሚያያዘው ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ነው። በአገሬው አፈ ታሪክ ጻድቁ በትራቸውን ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉላቸው፤ ሕዝቡም በእነዚህ ይኖራል ተባለ። እስከ ዛሬ የዘጌ ሰው እህሉን ከውጭ ይገዛል፤ የሚሸጠው ቡናውን፣ ጌሾውንና ፍራፍሬውን ነው። በሬ የማይገባበት መሬት ስላልተገለበጠ ዋንዛው፣ ዋርካው፣ ዶቅማው፣ ብርብራው ቆሞ ቀረ፤ ቡናውም ከሥራቸው በጥላ ያድጋል። ሥርዓቱ ከመነኮሳቱ ቃል ይልቅ በምግብ ገበታው ላይ ስለተተከለ ጸንቶ ኖረ ማለት ይቻላል፤ ዛፉን የቆረጠ ቡናውን ያጣል።

ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ድንጋይ የበዛበት የእግር መንገድ ነው፤ በዝግታ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በክረምትና እስከ መስከረም ማለቂያ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ስለሚሆን ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ሶሉ የለሰለሰ ከተማ ጫማ ሲወጣ ባያስቸግርም ሲወርድ ይጥላል። ለአረጋውያን ከዘራ ወይም ዘንግ ያዙላቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በየአጥሩ ቀዩ ቡና ይለቀማል፣ በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ከወር ሁሉ የምናበልጠው ኅዳርን ነው።

የዚህ መንገድ ችግሩ ሱቆቹ ናቸው። ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች፣ በብራና ላይ የተሳሉ ሥዕሎች፣ የእንጨት መስቀሎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሻጮቹም ይከተላሉ። እነሱ በዚህ ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ መቆጣት አይገባም። የሚሠራው መፍትሔ አንድ ነው፦ ሲወጡ «ስመለስ አያለሁ» ማለት፣ ሲመለሱ ደግሞ ቃልን መጠበቅና በእውነት ቆሞ ማየት። ያልፈለጋችሁትን በትሕትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ እለፉ። ሲወጡ ግዢ የጀመረ ሰው ግን በዋጋ ክርክር የተጨናነቀ ልብ ይዞ ነው ደጀ ሰላሙ ላይ የሚደርሰው።

ቀኑን መምረጥ ሰዓቱን ከመምረጥ አይተናነስም። ሥዕሉን ለማየት የሚመቸው ከአጽዋማት ውጭ ያለ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይሄዳል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቀትርም አልፎ ይዘልቃል። ቅዳሴ እየተቀደሰ ሥዕል ለማየት መግባት ነውር ነው፤ ውጭ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ጀልባው ግን አይጠብቅም። ወር በገባ በ16 ቀን፣ በተለይ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ሲውል፣ ግቢው በሕዝብ ይሞላል። ያን ቀን የሚሄድ ሰው ለማየት ሳይሆን ለማንገሥ ይሂድ፤ ከማኅሌቱ ጀምሮ ቢያድር ይመረጣል። የኪዳነ ምሕረትን በዓል በቃል ኪዳኗ ስም በተሰየመ ገዳም ማክበር የራሱ ክብር አለው፤ የጸጥታ ቀን ግን አይደለም።

አለባበስ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ነጠላ ለሁሉም፣ ለሴቶች ከጉልበት የወረደ ቀሚስና የተከናነበ ራስ። ንጽሕናን በሚመለከት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ ያልተመቸው ቀን የገጠመው ሰው ከደጀ ሰላሙ ሆኖ ይሳለማል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ጠዋት ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ካልሲ ያደረገ ሰው ብዙ መቆየት ይችላል፤ ቀላል ምክር ቢመስልም የጉብኝቱን ርዝመት የሚወስነው አንዳንዴ ይኸው ነው። ካህን ስታገኙ ጎንበስ ብላችሁ «አባ፣ ይባርኩኝ» በሉ፤ መስቀል ተሳለሙ፤ ከዚያ በኋላ ነው የመጣችሁበትን መናገር። ይህን ዘሎ በቀጥታ «ሥዕሉን ልናይ ነበር» ያለ ሰው እንደ ጎብኚ ይስተናገዳል፤ ቀድሞ የተሳለመ ግን እንደ እንግዳ። ልዩነቱ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ ይታወቃችኋል፤ እንግዳን «በሉ ውጡ» የሚል የለም።

ገዳሙ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል፤ የአሁኑ ሕንፃ ደግሞ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ቅርጹ በአገራችን የታወቀው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውጭኛው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ መዘምራን ከበሮና ጽናጽል ይዘው የሚቆሙበት። ቀጥሎ ቅድስት፣ ቆራቢዎች የሚቆሙበት። መካከሉ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት። ውጭው ክብ ሆኖ መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ሥዕሉ ያለው በእነዚህ በአራቱ የመቅደስ ግድግዳዎች ላይ ስለሆነ ቆሞ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማየት አይቻልም። አንዱን ጎን ያየ ሌሎቹ ሦስቱ ተሰውረውበታል። ስለዚህ መዞር ግድ ነው፤ የሚዞር ሰው ደግሞ ሳያስበው መቅደሱን እየዞረ ነው።

ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው። ሥዕሉ የተሳለው ግን በጭቃው ላይ አይደለም፤ ጥጥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ በነጭ ቅብ ተለስልሶ፣ በዚያ ላይ ነው። በጎን ሆናችሁ በሩ በሚያስገባው ብርሃን ብትመለከቱ የጨርቁን መጋጠሚያ መስመር ታያላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ የቅዱሱ ልብስ እጥፋት ያለው በአንዱ ቁራጭ፣ እግሩ ያለው በሌላው ነው። የአንድ ዘመን እጅም አይደለም። ለማይለምደው ሰው አንድ መለያ እንስጥ። ከሥዕሉ ጀርባ ያለው መደብ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ የልብሱ እጥፋት በትይዩ መስመሮች ብቻ ከተሠራ፣ የቀደመው የጎንደር አሳሳል መንገድ ነው። መደቡ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እየደበዘዘ የሚሸጋገር፣ ፊቱም በጥላ የሞላ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ነው። የሚያበራ ሰማያዊና ጠንካራ ቀይ ካያችሁ ከውጭ የመጣ ቀለም ከገባ በኋላ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም።

አስጎብኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በምዕራብ በር ይጀምራሉ፤ ሰይፋቸውን መዝዘው በሩን ከሚጠብቁት መላእክት። ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይሮጣሉ። «ይህ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ይህ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ይህ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ» እየተባለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሁሉ ስም ይጠራል። ስሙን የሰማ ሰው ያየ ይመስለዋል። በደንብ ማየት የሚፈልግ አንድ ዙር ከአስጎብኚው ጋር ዞሮ፣ አመስግኖ፣ ከዚያ ብቻውን እንዲቀመጥ ፈቃድ ይጠይቅ። ሲመለከት ዓይን ዓይኑን ይመልከት። በአገራችን አሳሳል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ከሐዲና ክፉ ሰው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ጌታን የሚገርፉትን ጭፍሮች አንድ በአንድ ብታዩ ይህን ሕግ ታገኙታላችሁ። ሕጉን ካወቃችሁ በኋላ የማታውቁትን ታሪክ እንኳ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራሳችሁ ትለያላችሁ። ፈረሰኞቹን ቅዱሳን ደግሞ በተለመደው ሥርዓት ሰሜኑ ግድግዳ ላይ ፈልጓቸው።

ለአንድ ሥዕል ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ከበላዔ ሰብእ ፊት ይቀመጥ። ታሪኩ የኪዳነ ምሕረት ታሪክ ስለሆነ ከዚህ ገዳም የበለጠ የሚስማማው ቦታ የለም። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ቤተ ሰቡን እንኳ ያልማረ፣ በመንገድ አንድ የተጠማ ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ቀረበች። በአንዱ ወገን ያ ሁሉ ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ፤ እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልበት ውሃው መዘነ። ሥዕሉን ስታዩ ሚዛኑ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚበላውን ሰው ፊት፣ ከዚያ የለምጻሙን የተዘረጋ እጅ፣ ከዚያ የሚወርደውን ውሃ እዩ። ሚዛኑ መጨረሻ ነው። አስጎብኚው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ጀምሮ ስለሚነግር ታሪኩ ቀልድ ይመስላል፤ «ሰው በላው ጸደቀ» ተብሎ ይሳቃል። በቅደም ተከተል ያየው ግን አይስቅም። ከዚያ ክፉ ሰው ሕይወት ውስጥ በሚዛን ላይ የወጣው መልካም ሥራ ያ ጥርኝ ውሃ ብቻ ነው፤ ሠዓሊውም ያንን ያውቃል።

ብርሃኑ እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ይበራል፤ ምዕራቡ የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሐይቁ ይናወጣል፤ ስለዚህ የምዕራቡን በር አስከፍቶ ማየት ነው መፍትሔው። በሮቹ ከባድ ናቸው፤ በየጊዜው እንዲከፈቱ ማስቸገር አይገባም፤ አንድ ጊዜ ተከፍተው እንዲቆዩ መጠየቅ ይሻላል። የታችኛው የሥዕል ክፍል በመጋረጃ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ፤ ካህኑ በዘንግ ገለጥ ያደርጉላችኋል፤ በእጃችሁ አትግለጡ። ፎቶ ሲፈቀድ የስልኩን ፍላሽ አጥፉ። አንደኛ ለአሮጌ ቀለም አይበጅም፣ ሁለተኛ ፍላሹ በቅቡ ላይ አንጸባርቆ መካከሉን ነጭ ያደርገዋልና የምትይዙት ፎቶ አይረባም። በበሩ ብርሃን፣ ክንዳችሁን በአምድ ላይ አስደግፋችሁ አንሱ። የቪዲዮ ካሜራ ክፍያው ለብቻ ነው። የመግቢያው ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አንጽፍም፤ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ዝርዝር ብርም ይዛችሁ ሂዱ፤ መልስ የሚፈልግ ሰው በር ላይ ብዙ ይቆማል።

እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ጎብኚ ቢያውቅ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቀንደኛው ጠላት ውሃ ነው። ክዳኑ ሲያፈስ ጭቃው ያብጣል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጨርቁ ከግድግዳው ተላቆ እንደ ከረጢት ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ምስጥ ከውስጥ እንጨቱን ይበላል። የሌሊት ወፍ ኩስና ሽንት ቀለሙን ይልጣል። የጧፍና የዕጣን ጭስ ለዘመናት ላዩን ያጠቁራል። የመጨረሻው የሰው አካል ነው፦ የሚዳስስ እጅ፣ የሚሳለም ግንባር፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጀርባ ላይ የታዘለ ቦርሳ። ቅድስቱ ጠባብ ነው፤ ጎብኚ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ላይኛውን ሥዕል ለማየት ሲያፈገፍግ፣ ወይም ከሰው ጋር ሲተላለፍ ዞር ሲል፣ ቦርሳው የተነፋውን ጨርቅ ይፍቃል። ሰውዬው አላወቀም። ቦርሳ በር ላይ ከጫማ ጋር ይቀመጥ፤ ይህን በር ላይ ቆሞ የሚያስገድድ አለመኖሩ የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ነው፣ ለማረምም ሳንቲም አያስወጣም። በጣና ዙሪያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ተክተዋል። ሣሩ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ክዳን የሚያውቅ ሰውም እያነሰ ነው፤ ያፈሰሰ ሣር ከማያፈስ ቆርቆሮ ይልቅ ሥዕሉን ይጎዳል። ውበቱን ብንወደውም በዚህ ማንንም አንወቅስም።

ዕቃ ቤቱን በተመለከተ አጭር እንሁን። የነገሥታት ዘውዶች፣ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና አልባሳት አሉት። መጽሐፉ ሲገለጥ ከመስታወቱ አትደገፉ፣ ገጽም «ይገለጥልን» ብላችሁ አትጨቅጭቁ፤ ብራና በተገለጠ ቁጥር መገናኛው ይደክማል። እውነቱን ለመናገር ዘውድ ለማየት ብቻ ዑራ ድረስ መምጣት አያስፈልግም። ዕቃ ቤቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ መጀመሪያ ካያችሁት ጆሯችሁ በዘመንና በንጉሥ ስም ተሞልቶ ወደ ሥዕሉ ትገባላችሁ።

ከሥዕሉ በኋላ ያለው ሰዓት ብዙ ሰው የሚያባክነው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታችሁ በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ በሉ። ስልኩን ዝጉ። መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው፤ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ከመግባቱ በፊት ያለው ክፍተት ሲመጣ ወፉ፣ ጦጣው፣ ከታች የሐይቁ ድምፅ ይሰማል። በጣና ገዳማት የተለመደው የድንጋይ ደወል በገመድ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ እንደ ብረት ይጮኻል፣ ቶሎ ግን ይሞታል። ጎብኚ «እስቲ ልሞክር» ብሎ አይምታው፤ ደወል መልእክት ነው፣ መነኩሴው የጸሎት ጥሪ መስሎት ይመጣል። ቀና ብላችሁ ጉልላቱን ተመልከቱ። በአገራችን ሥርዓት በጉልላቱ መስቀል ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል እንደምትጠብቅ ሁሉ እግዚአብሔርም እንዲሁ ይጠብቃል ተብሎ ይተረጎማል። ለተቀምጦ አሳቢ ከዚህ የበለጠ ምልክት ከየት ይመጣል።

ጊዜ ካላችሁ ከዑራ አቅራቢያ ያለችውን አዝዋ ማርያምን ብቻ ጨምሩ፤ ጎብኚ የሚያንሳት ናት፣ በእግርም ይደረሳል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች አይፈቀዱም፤ ቤተሰብ ሆነው የመጡ ሰዎች ይህን ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚሰሙበት ጊዜ አለ፤ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ በፀሐይ ሲጠብቁ ማየት ያሳዝናል። ጉዞውን የሚሸጥ ሰው ይህን ወደቡ ላይ መናገር ግዴታው ሊሆን ይገባል። ሴቶች ያሉበት ቡድን ዘጌን ወይም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ያለችውን ደብረ ማርያምን ይያዝ።

ስንቅና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፌስታሉን ግን መልሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮ ባዮስፌር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ እምቦጩ ሳይበቃው የኛ ላስቲክ አያስፈልገውም። የፆም ቀን ከሆነ በገዳሙ ደጃፍ የፍስክ ምግብ አትፍቱ።

ቡና ለመግዛት ካሰባችሁ ሲመለሱ ከየደጁ ግዙ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለለቃሚው ይደርሳል። የዘጌ ቡና በአብዛኛው ከነጀንፈሉ በፀሐይ የደረቀ ነው። መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቡና እርጥበት ይዞ ሊቀር ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ ያህል አንስታችሁ አሽትቱት፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው ተዉት። አንዱን ፍሬ በጥርስ ጫን ብትሉት መሰባበር አለበት፤ ከለመጠ አልደረቀም። ጥሩ ሆኖ ካገኛችሁት በጨርቅ ከረጢት ያዙት፣ ጀልባው ውስጥም ከወለሉ ላይ አንስታችሁ ጭን ላይ አድርጉት። ከእንጨቱ ወለል በታች ውሃ አይጠፋም።